ብሩስ ሳይጽፍለት የወሰደው ድግጣ

በደቡብ ጎንደር ደራ ካለችው ከአንበሳሜ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ በእርሻ ድንበር፣ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ድግጣ የሚባለው ቁጥቋጦ አይጠፋም። ቢጫ አበባውን ከቅርንጫፉ ጫፍ በዘለላ አንጠልጥሎ ይታያል። ቅጠሉ ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ሞላላ ቅጠሎች ያሉት ነው። ፍሬው ስስና ጠፍጣፋ ሲሆን ሲደርቅ የገለባ መልክ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ነው፤ ካልተቆረጠና አፈሩ ከተስማማው ግን ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ዘመዶቹ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ናቸው። ዝምድናው ግን በአበባና በፍሬ ቅርጽ እንጂ በማዕድ አይደለም፤ ድግጣን የሚበላ ሰው የለም፣ ከብትም እምብዛም አይነካውም።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ልተርከው። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድግጣ የደራ ብቻ ወይም የጎንደር ብቻ አይደለም። ከኤርትራ ጀምሮ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በዱር ይበቅላል። ባሕር ማዶም በደቡብ ሕንድ አንድ የቅርብ ዘመዱ አለ። ይህን ያህል አገር ያካለለ ቁጥቋጦ በየደረሰበት ሕዝብ ዘንድ አንድ ዓይነት ሥራ ይዞ መገኘቱ ይገርመኛል። የእኛ ገበሬ ቅጠሉን ወቅጦ የጥጃ ቅማል ያጥብበታል፣ መዥገርና እከክ ያክምበታል። ከዚህ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም በዚሁ ተክል ቅማል ይገድላሉ፣ ትል የያዘውን ቁስል ያጸዳሉ። ማን ከማን ተማረ ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ አለ። ድግጣ አልካሎይድ የሚባሉ መራራ ኬሚካሎች አሉት፤ ነፍሳትን የሚጥሉት፣ የከብትንም አፍ የሚያስመርሩት እነሱ ናቸው። ቅጠሉንና ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚያደነዝዙባቸው አካባቢዎችም አሉ። በጣና ላይ ግን ለዚህ ሥራ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የድግጣ ዘመድ የሆነው የብርብራ ፍሬ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በአፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ድግጣ ወደ መጽሐፍ የገባው በአንድ ስኮትላንዳዊ በኩል ነው።

ጄምስ ብሩስ ጎንደር የደረሰው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር 1770 መሆኑ ነው። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ አድራጊ ፈጣሪው ግን ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ብሩስ ጥቂት ሕክምና ያውቅ ስለነበር በቤተ መንግሥቱ የገባውን የፈንጣጣ ወረርሽኝ በማከም በእቴጌ ምንትዋብና በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ። ከጎኑ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበረ። ባሉጋኒ ሠዓሊ ነው፤ ተክሎችን ቅጠል በቅጠል፣ ፍሬ በፍሬ እያየ ይነድፍ ነበር።

በዚያው ዓመት በበልግ ወራት ራስ ሚካኤል በዳሞቱ ፋሲል ላይ ሲዘምቱ ብሩስም ዓባይን ልይ ብሎ ተነሣ። መንገዱ ከእንፍራዝ ወደ ደቡብ፣ ጣናን በስተቀኝ ትቶ የሚወርድ ነበር፤ በደራ በኩል ማለት ነው። በደራ ያስተናገዱት የእስላም ነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ መሐመድ እንደነበሩ በመጽሐፉ ጽፏል። ከዚያም በአላታ በኩል ወርዶ የዓባይን ድልድይና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ። ዛሬ ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ ሲጓዙ የሚታየው አገር እንግዲህ ብሩስ ያለፈበት የደራ አገር ነው።

ብሩስ ለተክል ዓይን ነበረው፤ ለወሬም እንደዚሁ። ከድግጣ ወገን ስለሆነው እሾሃም ቁጥቋጦ ስለ ቀንጠፋ የተረከው ወሬ ከመጽሐፉ ሁሉ የማይረሳ ነው። ንጉሡ ሊዘምት ሲል በየአራቱ ማዕዘን ቀንጠፋ ይመንጠር የሚል አዋጅ ይነገር ነበር ይላል፤ ንጉሡ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና። አንድ ጊዜ አዋጁ ሳይፈጸም ቀርቶ የንጉሡን መጎናጸፊያ እሾህ ያዘው፤ የአገሩ ሹምም በዚያው ተሰቀለ። ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ብሩስ ማጋነን ይወድ ነበር፣ የአገሩ ሰዎችም በዚህ ብዙ አፊዘውበታል። ቀንጠፋን በባዶ እግሩ ወይም በነጠላ ያገኘ ሰው ግን ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ድግጣ እሾህ ስለሌለው አዋጅ አልወጣበትም፤ እንዲህ ዓይነት ወሬም ሳይተረክለት ቀርቷል።

በ1771 ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። በግንቦት ወር ሰርባኩሳ ላይ በተደረገው ውጊያ ራስ ሚካኤል ኃይላቸውን አጡ፤ የበጌምድሩ ወንድ በወሰን በለስ ቀናቸው። ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብፅ አቀና። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁበትና ዕቃውን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ ነፍሱን ብቻ ይዞ አስዋን ገባ። ጥቂት አርፎ ግን ተመልሶ የጣለውን አነሣ። ብራናዎቹ፣ የባሉጋኒ ሥዕሎችና ሌላው ጭነት የተረፈው በዚህ ነው። ያ መመለስ ባይኖር የምጽፈው ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

በ1773 ፈረንሳይ ሲደርስ ከሐበሻ ካመጣቸው ዘሮች ለፓሪሱ የንጉሥ አትክልት ስፍራ ሰጠ፤ በዚያ ዘመን አለቃው ስመ ጥሩው ቡፎን ነበር። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በለንደን አጠገብ ባለው በኪው፣ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የአትክልት ስፍራ በነበረው፣ የብሩስ ዘር በቀለ፤ የእንግሊዝ የአትክልት መዛግብት ድግጣ የገባበትን ዓመት 1777 ይሉታል። የኪው ዋና አትክልተኛ ዊልያም ኤይተን በ1789 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የተክሎች መዝገብ ውስጥ ለቁጥቋጦው ስም ወጣለት፤ ሶፎራ አውሪያ ተባለ፣ ወርቃማዋ ሶፎራ ማለት ነው። ደጋ ላይ ቀላል ውርጭ የማይበግረው ድግጣ የለንደንን ክረምት አልቻለም፤ ያኖሩት በመስተዋት ቤት እሳት እያነደዱለት ነበር።

በማግሥቱ ዓመት በ1790 የብሩስ መጽሐፍ በአምስት ትላልቅ ቅጾች ወጣ። አምስተኛው ቅጽ ስለ እንስሳትና ስለ ተክል ነው፤ ኮሶ፣ ዋጊኖስ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ቀንጠፋ ሁሉም በሥዕልና በሐተታ አሉበት። ድግጣ ግን የለበትም። ዋጊኖስን ጽፎለታል፤ ተቅማጥ ይዞት የዳነበት ሥር ነውና ውለታ አለበት፣ በሳይንሳዊ ስሙም የብሩስ ስም ተተክሎበታል። ጤፍንም ጽፏል፤ እንጀራውን በልቷልና። ድግጣ ለመንገደኛ የሚሰጠው ነገር ስለሌለ ከመጽሐፉ ቀረ፤ ዘሩ ግን ከመጽሐፉ ቀድሞ ለንደን ላይ አብቦ ነበር። ባሉጋኒም እንደ ድግጣው ነው፤ ብሩስ የሥዕሎቹን ክብር ለራሱ ስለወሰደ የሠዓሊው ድርሻ በወጉ የተነገረው በ1991 ሥዕሎቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ሲታተሙ ነው።

ኤይተን ያወጣው ስም ብዙ አልቆየም። ፈረንሳዊው ላማርክ ተክሉን በሮማዊው ባለቅኔ በቨርጂል ስም ወደተሰየመው ወገን አዛወረው። በ1836 ደግሞ በኮኒግስበርግ ያስተምር የነበረው ኤርንስት ማየር፣ ድሬዥ የሚባል ሰብሳቢ ከደቡብ አፍሪካ ያመጣቸውን ዕፀዋት ሲመረምር አንዳንዶቹ የቨርጂልን ተክል ቢመስሉም ከሱ የተለዩ መሆናቸውን አየ። አዲስ ወገን አቋቁሞም ካልፑርንያ አላቸው። ካልፑርንዩስ በኔሮ ዘመን የነበረና የቨርጂልን ቅኔ ይኮርጅ የነበረ ባለቅኔ ነው፤ ማየር ቀልደኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዛዊው ጆርጅ ቤንተም ብሩስ ያመጣውን ድግጣ ከዚሁ ወገን ጨመረው፤ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ሳይንሳዊ ስም ካልፑርንያ አውሪያ የጸናው ያን ጊዜ ነው። ማየር ከደቡብ አፍሪካ ለይቶ የሰየመው አንድ ተክልም ኋላ ሲመረመር ከሐበሻው ድግጣ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

የአውሮፓ ሊቃውንት በስሙ ሲከራከሩ ድግጣው ባደገበት አገር ሌላ ዘመን ይነጉድ ነበር። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩ ወዲህ የየጁ ራሶች መናገሻ ሆነች፤ ቀጥሎም ዓፄ ቴዎድሮስ ከተሙባት። ከተማና ጦር ሰፈር ማገዶ ይበላል። ወይራውና ጥዱ ለቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለከሰል ሲቆረጥ ቦታውን የሚይዘው ቁጥቋጦ ነው፤ አጋም፣ ክትክታ፣ ቀጋና ድግጣ። በደብረ ታቦር አጠገብ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት የጋፋት ማቅለጫ እሳትም ከዚያው ጋራ የሚወጣ እንጨት ይፈልግ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በ1867 ጋፋት ላይ ተሠራ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ ሠራዊቱ መንገዱን በድጅኖና በእጁ እየቀደደ ነው የሄደው። ጋራውን የሚሸፍነው ቁጥቋጦ በየዘመቻው ይመነጠራል፤ ሠራዊቱ ሲያልፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ዕፅ ለቃሚ በአካባቢው ነበረ። ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ ትግራይ ላይ ጎጆ ወጣ፣ ልጆች ወለደ፣ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት አገሩን አላየም። በቴዎድሮስ ዘመን ወደ ደብረ ታቦር ተወስዶ ስለነበር በ1860ዎቹ በለቀማቸው ዕፀዋት ወረቀቶች ላይ ደብረ ታቦርና ጋፋት ተጽፈው ይገኛሉ። ከለቀማው ብዙው የደረቁ ዕፀዋት በሚቀመጡበት በበርሊን ዕፀ ቤት ነበር፤ በ1943 ከተማው በአውሮፕላን ሲደበደብ ያ ቤት ተቃጠለ። ለየሙዚየሙ የታደሉት ቅጂዎች ተረፉ።

ስለ ቁጥቋጦው ሁኔታ የማይዋሽ ምስክር የተገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያኖች ካርታ ለመሥራት በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አነሡ። ፎቶግራፎቹ አዲስ አበባ በካርታ መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ለአሥርት ዓመታት ተረስተው ከቆዩ በኋላ ተገኙ፤ ተመራማሪዎችም የ1938ቱን የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ከ2015ቱ ጋር አስተያዩት። እኔ ደኑ በግማሽ ያነሰ ይመስለኝ ነበር፤ ንጽጽሩ ያሳየው ግን ሌላ ነው። የደኖቹ ስፋት እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። በ1938 ከቅጥሩ ውጭ ቁጥቋጦና ተንጠባጥቦ የቀረ ዛፍ ነበር፤ አሁን እርሻው ቅጥሩን ነክቶ ይታረሳል፣ ደኑ በባዶ መስክ መካከል ብቻውን ቆሟል። በውስጡም ባሕር ዛፍ ገብቷል። ድግጣ የሚበዛው ደግሞ ልክ በዚያ በጠፋው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጥቅጥቅ ጥላ ይልቅ ብርሃን ያለበትን የደን ዳር ይወዳል።

ያ ጠርዝ እንዴት ተበላ ቢባል መልሱ አንድ አይደለም። ሰው በዛ፣ እርሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች፤ በእጇ የቀረው ቅጥሩና የቅጥሩ ደን ነው። ደርግ ደኑን ባይነካም በዙሪያው የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገበሬ ተደለደለ። ደኑን የያዘው ሕግ ሳይሆን የቄሱ ቃልና የምእመኑ ፍርሃት እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ፍርሃቱ ግን ከቅጥሩ አይወጣም፣ ድግጣው ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ነበር።

የድግጣ የአገር ውስጥ የሳይንስ ታሪክ የሚጀምረው ከመሬት አዋጁ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ብሔራዊ ዕፀ ቤታችን በ1959 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመሠረተ። በ1980 የኢትዮጵያን ዕፀዋት በሙሉ የሚመዘግብ ፕሮጀክት በአዲስ አበባና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀመረ፤ መሪው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ድግጣን ከነዘመዶቹ የያዘው ሦስተኛ ቅጽ በ1989 ታተመ፤ የአተር ወገን ክፍሉን የጻፈው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ነው። ኤይተን ለንደን ላይ ስም ካወጣለት ልክ 200 ዓመቱ ነበር። በ1993 የወጣው የአዘነ በቀለ የዛፎችና የቁጥቋጦዎች መጽሐፍ ድግጣን በአማርኛ ስሙ ከነጥቅሙ ይዘረዝረዋል፤ ለማገዶ፣ ለመሣሪያ እጀታ፣ ለአጥር፣ ለመድኃኒት፣ ለጌጥ። የንብ ባለሙያዎችም በ1994 በወጣው የኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት መጽሐፍ ቦታ ሰጥተውታል፤ ንብ ያንን ቢጫ አበባ አትተወውም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ወደ ደራ ይመልሰናል። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓለም ያስተዋወቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። በ2007 በሆላንዱ ቫህኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። አንዱ ሙከራው የተካሄደው በደራው ገላውዲዎስ ደን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የደኑን አንድ ክፍል ከከብት አጥሮ ሌላውን ክፍት መተውና ቡቃያውን መቁጠር። ከብት በማይገባበት ቡቃያ ይተርፋል፣ በሚገባበት ይረገጣል፣ ይበላል። ለጥድና ለወይራ ቡቃያ ከብት ሥጋት ነው፤ ድግጣ ግን በመራራነቱ ተከልሎ ያድጋል። በተጋጠ አገር ቁጥቋጦው ሁሉ ድግጣና ክትክታ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል። አንዳንድ የደን ባለሙያ ይህን የመሬት መጎዳት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ልክ ነው፤ እኔ ግን በሌላ በኩልም አየዋለሁ። ዛፉ ባለቀበት ጋራ ላይ አፈሩን የያዘው፣ ንቡን የቀለበው ማንም የማይበላው ይኸው ቁጥቋጦ ነው።

ከሙከራው በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ እንዲያጥሩ ማገዝ ጀመረ። ደብረ ሰናና ዣራ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ድንጋዩ ከየእርሻው የተለቀመ ነው፤ ገበሬው ማሳው ጸዳለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘ። ከብት የሚያልፍበት መንገድ ሲዘጋ ከቅጥሩ ሥር የሚያቆጠቁጠው ቁጥቋጦ ዕረፍት ያገኛል፤ በጥላውም የዛፍ ቡቃያ ይጠለላል።

የገበሬው የቅማልና የመዥገር መድኃኒትም በመጨረሻ ላቦራቶሪ ገባ። በ2010 የታተመ ጥናት የቦረና አርብቶ አደሮች ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሙበትን የድግጣ ቅጠል በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ መርምሮ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ተመራማሪዎቹ ቅጠሉ መዥገርን ያባርራል ብለው ነበር። ጭማቂው ግን መዥገሩን ጭራሽ ስቦ ያመጣውና ሲበረታ ያደነዝዘዋል፣ ወይም ይገድለዋል። አርብቶ አደሩ ከድሮ ጀምሮ ቅጠሉን በከብቱ ገላ ላይ መቀባቱ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ በረት ደጃፍ ቢሰቅለው ግን መዥገር ይጠራበት ነበር።

ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የአትክልት መደብሮች ድግጣን ለጓሮ ጌጥ ይሸጡታል፤ ቅኝ ገዢዎቹ የአገራቸውን ቢጫ አበባ ዛፍ ስለመሰላቸው የናታል ላበርነም ብለው የሰየሙት ስም አብሮት ይዞራል። በእኛ ከተሞች መንገድ ዳርና ግቢ የሚተከለው በብዛት ከውጭ የመጣ ነው፤ ጃካራንዳ፣ ቡገንቪሊያ፣ የፈረንጅ ጥድ። የደራው ገበሬ ደግሞ የእርሻ ጠርዙን ባሕር ዛፍ እየተከለበት ነው፤ በጥቂት ዓመት አጠና ይሆናል፣ ይሸጣል፣ ድግጣ ግን አጠና አይወጣውም። ይህን ምርጫ መውቀስ አልችልም።

በግቢው ሊተክለው ለሚሻ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ፍሬው የገለባ መልክ ሲይዝ ይለቀማል፤ የአተር ወገን እንደመሆኑ የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ በሙቅ ውኃ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። በችግኝ ፕላስቲክ ፈልቶ ክረምት ሲገባ ፀሐይ የምትደርስበት ቦታ ይተከላል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያብባል፤ ድርቅና ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ፍሬው መርዛም ስለሆነ ሕፃናት ከሚጫወቱበትና የዓሣ ገንዳ ካለበት ትንሽ ራቅ ማድረግ ይበጃል፤ የንብ ቀፎ ግን አጠገቡ ቢሆን ጥሩ ነው።